ተጠባባቂም የቡድኑ ሰው ነው!

ከዳሪሙ ወረዳ ተነስቶ ወደ መቱ የሚመጣ አንድ ኳስ ተጫዋች ወጣት አለ እንበል። ስሙ አያስፈልግም፤ በየወረዳው እንዲህ ያለ ልጅ ሞልቷል። ዞኑን ወክለው የሚጫወቱ ልጆች መቱ ላይ ይመረጣሉ የሚል ወሬ ሰምቶ ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ ማልዶ ተነስቷል። የኢሉባቦር ዝናብ እንደሆነ ቀጠሮ አያከብርም። መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳውም ጭቃ ነው። ልጁ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ጭቃ ውስጥ ሲሮጥ፣ ሲወድቅና ሲነሳ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን የስም ዝርዝር ተነበበ። የእሱ ስም ተጠርቷል፤ የተጠራው ግን ከመጨረሻው ሰው በኋላ ነው። ከስሙ ጎን አንዲት ቃል አለች፦ «ተጠባባቂ»።

«ኮች፣ ምን ማለት ነው? ልምጣ ወይስ ልቅር?»

«ስልክህን እንዳትዘጋ፤ ሰው ከጎደለ እንደውልልሃለን።»

በቃ፣ ይኸው ነው! ልጁ ወደ ዳሪሙ ተመለሰ። ቡድኑ ልምምድ ሲሠራ እሱ የለም። ትጥቅ ሲታደል እሱ የለም። ሰፈር ውስጥ «ተመረጥክ?» ሲሉት «አዎ» ቢል ውሸት፣ «አይ» ቢልም ውሸት ይሆንበታል። ስልኩን በኪሱ ይዞ ይውላል። ቻርጅ ባለቀ ቁጥር ልቡ አብሮ ይጠፋል። ሳይደወልለት ውድድሩ ይጀመራል፣ ሳይደወልለት ውድድሩ ያልቃል። አልቀረህም ብሎ የነገረው የለም፤ ቀርተሃል ያለውም የለም።

የስፖርት ቤተሰቡ ስለ ቋሚ ተሰላፊ ብዙ ያወራል። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ እያለ ከአዲስ አበባ ካፌ እስከ መቱና ጎሬ ሻይ ቤቶች ድረስ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል። ስለዚያ ከዝርዝሩ ግርጌ ስለቀረው ልጅ ግን ትንፍሽ የሚል አይገኝም። ሰውየው ትዝ የሚለን ቋሚው ሲጎዳ ብቻ ነው። ያኔ «ተዘጋጅቷል ወይ?» እንላለን። ለመሆኑ አዘጋጅተነዋል ወይ?

ዘጠነኛው ተጠባባቂ

ጎልፍ ለእኛ አገር የኳስ አፍቃሪ ሩቅ ነገር ነው። የሀብታም ጨዋታ ነው ብሎ ቻናል የሚቀይረው ይበዛል። ይሁን እንጂ የተጠባባቂን ኑሮ እንደ ጎልፍ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ስፖርት ማግኘት ያስቸግራል። በታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች ቦታው የተቆጠረ ነው። መግባት ያልቻሉት ደግሞ በተራ ይመዘገባሉ፤ አንደኛ ተጠባባቂ፣ ሁለተኛ ተጠባባቂ እየተባለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። አንዱ ታመምኩ ብሎ ሲወጣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ይገባል። ውድድሩ በሚጀመርበት ጠዋት ተጠባባቂው ዱላዎቹን ተሸክሞ ከመነሻው አካባቢ አይርቅም። የመጨረሻው ምድብ የመጀመሪያ ኳሱን እስኪመታ ድረስ ተስፋ አለው። ያቺ ኳስ ከተመታች በኋላ ግን ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በክሩክድ ስቲክ ሜዳ በተካሄደው የፒጂኤ ሻምፒዮና ጆን ዴሊ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ወጣት ዘጠነኛ ተጠባባቂ ነበር። ዘጠነኛ! ኒክ ፕራይስ ባለቤቱ ልትወልድ በመቃረቧ ከውድድሩ ሲወጣ ተራው እየተንከባለለ ዴሊ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ሌሊቱን መኪናውን እየነዳ መጣ። ሜዳውን አንድም ቀን ተለማምዶበት አያውቅም። የፕራይስን ዱላ ተሸካሚ ተውሶ ገባ። በመጀመሪያው ቀን በ69 ምት ጨረሰ። በአራተኛው ቀን ዋንጫውን አነሳ፤ ያውም ሁለተኛ የወጣውን ብሩስ ሊትስኪን በ3 ምት በልጦ!

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ የሚያነሳው ዕድሉን ነው። «የታደለ!» ይባላል። ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ዴሊ ዘጠነኛ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት ሰው ከወጣ ተራው እንደሚደርስ ያውቃል። ዝርዝሩ የተጻፈ ነው፤ ተራውን ዘሎ ዘመድ የሚያስገባ አይኖርም። መኪናውን አስነስቶ ሌሊቱን ሙሉ የነዳው ያለ ምክንያት አይደለም። በዝርዝሩ ስላመነ ነው።

የዳሪሙው ልጅ አንደኛ ተጠባባቂ ይሁን ስድስተኛ የሚነግረው የለም። ሰው ሲጎድል የሚጠራው ተራው ይሁን የኮሚቴው ወዳጅ አያውቅም። ስለዚህ ቢለማመድ ለምን ይለማመዳል? ቡና ለቀማው ይሻለዋል። ታዲያ ሲጠራ ዝግጁ ሆኖ ባይገኝ ጥፋቱ የማን ነው?

ፓሪስ ላይ የሆነው

ጆን ዴሊ ቢርቅብን የራሳችን ሰው አለልን። የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ምን ይመስል እንደነበር አይረሳም። ወርቅ ወርቅ ሲባል ቀናቱ አለቁ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም የወንዶች ማራቶን ሲጀመር ኢትዮጵያ ገና አንድም ወርቅ አልነበራትም።

ለዚያ ማራቶን የተመረጡት ሦስቱ ሰዎች ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ምርጫው አያስነቅፍም። ሲሳይ በቫሌንሲያ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ የሮጠ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። ደሬሳ ሴቪያ ላይ 2፡03፡27 ገብቷል። ቀነኒሳ ቀነኒሳ ነው፤ ስለ እሱ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ይሆናል። ታምራት ቶላ ግን ተጠባባቂ ተባለ።

ልብ ይባል! ታምራት ማለት በ2022 ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2023 ኒውዮርክን በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈ፣ በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያጠለቀ አትሌት ነው። እንዲህ ያለ ሰው «አንተ አራተኛ ነህ» ተብሎ ተቀመጠ። ሌላ ቢሆን አኩርፎ ወደ ከተማ ማራቶን ፊቱን ባዞረ ነበር። ታምራት ግን ልምምዱን አላቋረጠም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ወጣና ቦታው ለታምራት ተሰጠው።

የቀረውን ሁሉም ያየው ነው። የፓሪስ ጎዳና ለማራቶን የማይመች አቀበት የበዛበት ነበር፤ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ በድምሩ ከ400 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ። ታምራት እነዚያን አቀበቶች ሲያገኝ ሌሎቹን ትቷቸው ሄደ። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ! የኬንያው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበው 2፡06፡32 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ተሰበረ። የቤልጂየሙ በሽር አብዲ ሁለተኛ፣ የኬንያው ቤንሰን ኪፕሩቶ ሦስተኛ ወጡ። ደሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ ለ24 ዓመታት የጠፋው የወንዶች ማራቶን ወርቅ ተመለሰ። ከፓሪስ የመጣው ብቸኛው የኢትዮጵያ ወርቅም ይኸው ሆነ። ከሦስት ብሮች ጋር አገሪቱን ከሜዳሊያ ሠንጠረዡ ግርጌ ያዳነው ተጠባባቂው ነው!

እስቲ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በ2021 ሳፖሮ ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያን የወከሉት ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ሹራ ቂጣታና ሲሳይ ለማ ነበሩ። ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ማራቶን እንደ ኳስ አይደለም፤ በ60ኛው ደቂቃ ሰው አይቀየርበትም። ሰው መቀየር የሚቻለው ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ነው። ስለዚህ አራተኛው ሰው በሩጫ ከእግር ኳሱ ተቀያሪ የበለጠ ይፈለጋል እንጂ አያንስም።

የተጎዳው ለምን ይደብቃል?

ሰው ስለ ፓሪስ ሲያወራ የታምራትን ጽናት ያነሳል። ትክክል ነው። ከታምራት ጎን ሊነሳ የሚገባው ግን የሲሳይ ለማ ነገር ነው። አንድ አትሌት በኦሊምፒክ ለመሮጥ አራት ዓመት ይጠብቃል። ስሙ ከተጻፈ፣ ትጥቁን ከተቀበለ በኋላ «እኔ አልችልም፣ ሌላ ይግባ» ማለት ቀላል አይደለም። ታምራትም ከድሉ በኋላ ሲሳይን በስም ጠርቶ አመስግኗል። ውለታውን የሚያውቀው እሱ ነው።

በእኛ ሜዳ ግን ስንቱ ተጫዋች ጉዳቱን ደብቆ ይገባል? ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ጠምጥሞ፣ መርፌ ተወግቶ «ደህና ነኝ» የሚለው ለምንድነው? መልሱ ግልጽ ነው። የገባ ሁሉን ያገኛል፤ የወጣ ምንም አያገኝም። አበሉም፣ ሽልማቱም፣ ስሙም ለገባው ብቻ ነው። ቦታውን የለቀቀ ሰው ነገ ተመልሶ እንደሚያገኘው ዋስትና የለውም። እንዲህ ባለበት አሠራር እውነት የሚናገር ተጫዋች መፈለግ ከበሬ ወተት መጠበቅ ነው።

ለተጠባባቂው ክብር መስጠት ለተጠባባቂው ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው አለ። አይደለም። ሁለቱም የቡድኑ ሰው መሆናቸው ቢታወቅ፣ ሽልማቱም ለሁለቱም የሚደርስ ቢሆን፣ የተጎዳው ሰው በጊዜ ይናገራል። በጊዜ ከተናገረ ተተኪው ሁለት ሳምንት ያገኛል። በዋዜማው ከተናገረ ግን ተተኪው የሚያገኘው አንድ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት ነው።

ከሮም ጀምሮ የነበረ ነገር

የተጠባባቂ ወሬ በኢትዮጵያ ማራቶን ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ አለ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ሮጦ ያገኘውን ወርቅ በተመለከተ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ፤ አበበ የሄደው በዋሚ ቢራቱ ፈንታ ነው የሚል። ዋሚ ኳስ ሲጫወት ተጎዳ የሚሉ አሉ፤ ታመመ የሚሉም አሉ። ተራኪው በተቀየረ ቁጥር ታሪኩም ይቀየራል። ከዚህ ሁሉ ጋር የማይቀየር አንድ ነገር ግን አለ። አበበ ሮም ከመሄዱ በፊት በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ አሸንፏል። በአሰልጣኙ በኦኒ ኒስካነን እጅ ሲሠለጥን ከርሟል። በድንገት ከመንገድ ተጠርቶ አውሮፕላን ላይ የተጫነ ሰው አልነበረም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተጠባባቂን ድል እንደ ተአምር አድርገን መተረክ እንወዳለን፤ ያልታሰበው ሰው መጣ፣ አሸነፈ! ተረቱ ያምራል። ጉዳቱ ግን «ተጠባባቂን ማዘጋጀት አያስፈልግም፣ ፈጣሪ ካለ ይሆናል» ወደሚል ስንፍና ይወስደናል። ታምራት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነው ተጠባባቂ የሆነው። አበበ ተዘጋጅቶ ነው ሮም የደረሰው። ተአምሩ ከበስተጀርባው ላብ ነበረው።

ኳሱም የራሱ አለው

የእግር ኳስ አፍቃሪው ይህን ሁሉ ሲያነብ «የእኛስ?» ሊል ይችላል። የኳሱ መዝገብም ሞልቷል።

በ1966 የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝ ትልቁ አጥቂ ጂሚ ግሪቭስ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የምድብ ጨዋታ ተጎዳ። በቦታው የገባው ጂኦፍ ኸርስት አርጀንቲናን የጣለችዋን ብቸኛ ጎል አስቆጠረ፤ ቦታውንም ይዞ ቀረ። በፍጻሜው ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 ሲያሸንፉ ሦስቱን ጎሎች ያገባው እሱ ነው። ግሪቭስ ከሜዳ ውጪ ሆኖ አየ። በዚያን ዘመን በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተጀመረው በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ሜዳሊያውም የተሰጠው በፍጻሜው ለተሰለፉት 11 ሰዎች ብቻ ነበር። ፊፋ ለቀሩት የቡድን አባላትም ይገባቸዋል ብሎ የወሰነው በ2007 ነው። ግሪቭስ ሜዳሊያውን የተቀበለው በ2009 ነበር፤ ከ43 ዓመት በኋላ! ዓለም ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን አንድ ነገር ገብቶታል፤ የቡድን ድል የ11 ሰው ብቻ እንዳልሆነ።

ዴንማርክ ደግሞ በ1992 የአውሮፓ ዋንጫ አገር ሙሉ ተጠባባቂ ነበረች። በማጣሪያው ከዩጎዝላቪያ በአንድ ነጥብ አንሳ ቀርታለች። ዩጎዝላቪያ በማዕቀብ ስትታገድ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት «ኑ» ተባሉ። ሄዱ፤ ሆላንድን በፍጹም ቅጣት ምት አሰናበቱ፣ በፍጻሜው ጎተንበርግ ላይ ጀርመንን በጆን የንሰንና በኪም ቪልፎርት ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። አንድ ነጥብ ያነሰ ቡድን ደካማ ቡድን አይደለም። አራተኛ የተባለ ሯጭም እንደዚያው ነው።

የራሳችንስ? ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃውን የ2005 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድን ማን ይረሳል! ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ሁለተኛው በረኛ ዘሪሁን ታደለ ገባና ዋልያዎቹ በ10 ሰው ተጫውተው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ያ ነጥብ የተገኘው ከወንበር በተነሳ ሰው እጅ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ በረኛ ሆኖ የተሰለፈው ሲሳይ ባንጫ ነበር። እሱም በቀይ ካርድ ሲወጣ የመቀየሪያ ዕድል አልቆ ነበርና የአማካዩ አዲስ ህንጻ የበረኛ ማልያ አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። ሦስት ጨዋታ፣ አራት ሰው በጎሉ ሥር! ከዚያ ወዲያ «ሦስተኛ በረኛ ለምን ይዘን እንሄዳለን? ለአበል ነው?» የሚል ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ያልተጠራውስ?

እስከዚህ ድረስ የተነሱት ሁሉ የተጠሩ ናቸው። ተጠርተው አሸነፉ፤ ስማቸውም ተጻፈ። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛው ተጠባባቂ አይጠራም። ዴሊ በገባበት ጊዜ ሳይገቡ የቀሩ ነበሩ። በየኦሊምፒኩ ልምምድ ሠርተው፣ ሻንጣ አዘጋጅተው በቴሌቪዥን ያዩ አትሌቶች አሉ። በየክለቡ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ሲያሞቁ ከርመው የዘመኑ መጨረሻ ላይ «አመሰግናለሁ» እንኳ ሳይባሉ የተሸኙ አሉ።

የአንድ ቡድን ፍትሕ የሚለካው በእነዚህ ነው። ያሸነፈን ተጠባባቂ ማክበር ማንም አያቅተውም፤ ወርቅ ይዞ የመጣን ሰው ማን ያባርራል? ፈተናው ያለው ምንም ሳይዝ የተመለሰውን ሰው በምን ዓይን እናየዋለን የሚለው ላይ ነው። ያ ሰው እኩል ተነስቷል፣ እኩል ሮጧል፣ ሌላ ገቢ የሚያገኝበትን ውድድር ትቶ ጠብቋል። ያልሠራው ነገር ቢኖር መግባት ነው፤ መግባት ደግሞ በእሱ እጅ አልነበረም።

ተቃራኒው ሐሳብ ሊናቅ አይገባም። «ገንዘብ የለም» ይባላል። ለሦስቱ ሙሉ ወጪ መሸፈን ያቃተው ወረዳ አራተኛውን ከየት አምጥቶ ይመግባል? እውነት ነው፤ የወረዳ ስፖርት ኪስ ስስ ነው። «ተጠባባቂውን ከቡድኑ ጋር ማስቀመጥ ቅናት ያመጣል፣ የጓደኛውን መጎዳት የሚመኝ ሰው በካምፕ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሰልጣኞችም አሉ። ይህም ከሰው ባሕርይ የወጣ ስጋት ነውና ውሸት አይባልም።

መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያውን ብንወስድ፣ ተራን ጽፎ መለጠፍ ሳንቲም አያስወጣም። አንድ ወረቀትና አንድ ማህተም ይበቃል። ለልጁ ስልክ ደውሎ «አልቀናህም፣ ውድድሩ ተጀምሯል፣ ለሚቀጥለው በርታ» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ብንወስድ ደግሞ ቅናት የሚመጣው ከመቀራረብ ሳይሆን ከመድልዎ ነው። ተራውን የሚያውቅ፣ ድርሻው የተነገረው ሰው ጓደኛው እንዲሰበር አይጸልይም። ሁሉ ነገር ለገባው ብቻ የሚሆንበት ቤት ነው ያንን ጸሎት የሚያስጸልየው። በፓሪሱ ጉዳይ የተጎዳው ቦታውን ለቀቀ፣ የገባውም አመሰገነ። ይቻላል ማለት ነው!

ምን ይደረግ?

ነገሩ አራት ቀላል ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከብሔራዊ ቡድን እስከ ወረዳ ድረስ የተጠባባቂዎች ስም በተራ ቁጥር ይጻፍ፤ ለምን አራተኛ እንደሆነም በሰዓት ወይም በብቃት መለኪያ ይነገረው። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር በአትሌቲክሳችን የሚነሳው የምርጫ ንትርክ ግማሹ የሚመጣው መስፈርቱ ቀድሞ ቁርጥ ብሎ ባለመታወቁ ነው። ሁለተኛ፣ ተጠባባቂው ከቡድኑ ጋር ይለማመድ። ቤቱ ተቀምጦ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ተጠባባቂ አይባልም፤ ስልክ ጠባቂ ነው። ሦስተኛ፣ የመቀየሪያው ቀን ይቆረጥ። እስከዚህ ቀን ካልተጠራህ ነፃ ነህ፣ ሌላ ውድድር ሂድ ይባል። ሰውን ያለ ቀነ ገደብ አንጠልጥሎ ማቆየት ግፍ ነው። አራተኛ፣ ሽልማት ሲመጣ ጉዳቱን በእውነት ተናግሮ ቦታውን የለቀቀውም፣ ሳይጠራ የጠበቀውም ድርሻ ይኑራቸው። እኩል ይሁን የሚል የለም፤ ይታሰቡ ነው።

ይህ ከታች ካልተጀመረ ከላይ አይመጣም። የብሔራዊ ቡድን ተጠባባቂ ነገ የሚሆነው ዛሬ በአንድ ወረዳ ሜዳ ላይ ስሙ ከመስመር በታች የተጻፈው ልጅ ነው። ያ ልጅ በ17 ዓመቱ የተማረው ነገር «ተጠባባቂ ማለት የማይፈለግ ማለት ነው» የሚል ከሆነ በ25 ዓመቱ ተጠባባቂ ሲባል አኩርፎ ይሄዳል። አንድ ቀን ደግሞ የተጎዳ ሰው ሲወጣ አራተኛ ሰው ይታጣል። ከታምራት ጋር ያገኘነውን ወርቅ ያኔ በምኞት አናገኘውም።

እስቲ ያን የዳሪሙ ልጅ እንደገና እናምጣው። መቱ ላይ ስም ዝርዝር ተነበበ። የእሱ ስም ከመስመሩ በታች ነው። ከጎኑ ግን «ተጠባባቂ» ብቻ ሳይሆን «1ኛ ተጠባባቂ» ይላል። አሰልጣኙ ጠጋ ብሎ፣ «ማክሰኞና ሐሙስ ከእኛ ጋር ትለማመዳለህ። ሰው እስከ አርብ ካልወጣ ግን አልቀናህም ማለት ነው፤ እኔው ራሴ እደውልልሃለሁ» ይለዋል። አርብ ይደርሳል፤ ሰው አይወጣም። ስልኩ ይጮሃል። አሰልጣኙ ነው፤ እንዳለው ደውሏል። ልጁ ያዝናል፤ ማዘኑ አይቀርም። በማግስቱ ቡድኑ ሲጫወት ግን ከሜዳው ዳር ቆሞ ይጮሃል፤ ቡድኑ የእሱም ነዋ! የሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ሲጠራ ያ ልጅ ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በዚያው ጭቃ መንገድ፣ ማልዶ ይመጣል።